እንዝርትና ኪሮሽ፦ ልጅ እያሳደጉ የሚሠራ ሥራ ታሪክ



ባለፈው ጥር ትንሿን ልጄን ይዤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርጄ ነበር። ወንዛዬ የሄደች ሁሉ እንደምታውቀው፣ ከመታጠቡ ይልቅ ተራ መጠበቁ ይረዝማል። ጥላ ሥር ከተቀመጥነው ሴቶች መካከል ሁለቱን ሳያቸው ቆየሁ። አንዷ ቆብ የደፉ እማሆይ ናቸው፤ እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አሹረው ይለቁትና ባዘቷቸውን ወደ ላይ ይስባሉ። ሌላዋ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ እናት ናት፤ በኪሮሽ ነጭ ዳንቴል ትሠራለች። ልጇ ዳዴ እያለ መጣና የክሩን ጥቅል ይዞ ጎተተ። እናትየው የሠራችው እንዳይተረተር ስትከላከል፣ ልጁ ጥቅሉን ጥሎ ወደ ውኃው አቅጣጫ ዞረ። እማሆይ እንዝርታቸውን ሙዳዩ ውስጥ ጣል አድርገው የልጁን ቀሚስ ከኋላ ያዙት።

«ልጄ፣ ሥራውን ተይው፤ እሱ አይሸሽም። የሚሸሸው ይኼ ነው» አሏት።

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ቤቴ ከተመለስኩ በኋላም ነገሩን ሳስበው ሰነበትኩ። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ከልጅ ጋር ሹራብና ዳንቴል መቼ ይሠራል?» የሚለው ነው። እናቶቻችንና አያቶቻችን ይህንኑ ጥያቄ በእንዝርት ሲመልሱት ኖረዋል። እንዴት እንደመለሱት፣ ምን እንዳተረፉበትና ምን እንደቀረባቸው የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መድፉን የጎተተው ሰው ምን ለብሶ ነበር?

የደብረ ታቦር ታሪክ ሲነሣ የሚነገረው የራሶችና የመድፍ ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም የየጁው ራስ ጉግሣ ከተማችንን መቀመጫቸው አደረጓት፤ እስከ ራስ አሊም ድረስ የዘራቸው መናገሻ ሆና ቆየች። ከዚያ ዳግማዊ ቴዎድሮስ መጡ። ከከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ሴባስቶፖል የተባለው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው መድፍ፣ ወንዝና ገደል እየተሻገረ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ። በ1860 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል።

እኔ አንድ ጥያቄ ልጨምርበት። ያን መድፍ የጎተተው ሰው ሌሊቱን ምን ለብሶ አደረ? ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከአጠገቧ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ብርድ ያለ ጋቢ አንድ ሌሊት አይታደርም። ጋቢው ደግሞ ከሰማይ አልወረደም።

ጥጥ በደጋችን አይበቅልም። ከቆላ ወጥቶ በገበያ ይሸጣል። ሴቲቱ ትገዛውና ፍሬውን በመዳመጫ ትለያለች፤ በደጋን ትነድፈዋለች፤ ታባዝተዋለች፤ ከዚያ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ልቃቂቱ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጣል። በአገራችን ልማድ ሸማኔው ወንድ፣ ፈታይዋ ሴት ናት። ፈትል የድሃዋ ብቻ ሥራ አልነበረም፤ የመኳንንት ሚስትም ብትሆን እንዝርት ማንሣት አያሳፍራትም ነበር። እንግዲህ በደብረ ታቦር ቤተ መንግሥት የተለበሰው ኩታም፣ በመድፉ ገመድ ሥር የላበው እጀ ጠባብም፣ መጀመሪያ በአንዲት ሴት ጣቶች መካከል አልፏል። ያቺ ሴት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሕፃን እናት ነበረች።

ስለዚያች እናት የታሪክ መጻሕፍት ብዙ አይሉንም። የእናት ሥራ በዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ ጎልቶ የተነሣው ለስድብ ነው፤ ካሣ የተባሉት የኋላው ቴዎድሮስ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለው ተሰደቡ። ኮሶ ሸጦ ልጅ ማሳደግ ለምን እንደሚያሳፍር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ነገር ግን ስድቡ አንድ ነገር ያሳየናል፦ እናት በቤቷና በገበያ የምትሠራው ሥራ ልጅ ያሳድግ እንጂ ለባለቤቷ ክብር ሲያስገኝ አልታየም።

ለምን እንዝርት?

በ1970 እ.ኤ.አ. ጁዲት ብራውን የተባለች አሜሪካዊት የሰው ልጆችን ባህል አጥኚ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመች። ጥያቄዋ ቀላል ነበር፦ አንዳንዱ ሥራ በብዙ አገር የሴት ሥራ የሚሆነው ለምንድን ነው? ሴቶች ጉልበት ስለሌላቸው ነው የሚለውን መልስ አልተቀበለችም። እርሷ ያየችው፣ ሕፃን እየጠበቁ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ወደ ሴቶች እንደሚመጣ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ከቤት ብዙ አያርቅም፤ ልጁን ለአደጋ አያጋልጥም፤ ሙሉ ሐሳብ አይወስድም፤ ከሁሉም በላይ በማንኛውም ሰዓት ተቋርጦ በቀላሉ እንደገና ይቀጠላል። በ1994 እ.ኤ.አ. ኤልሳቤጥ ባርበር የተባለች ሌላ አሜሪካዊት ምሁር ይህን ሐሳብ መነሻ አድርጋ ስለ ሴቶችና ስለ ክር የብዙ ሺህ ዓመት ታሪክ ጽፋለች።

ይህን በራሳችን ቤት እንመዝነው። ምጣዱ ላይ ያለ እንጀራ አይጠብቅም፤ ይነዳል። የፈላ ድስትን ትቶ መሄድ አደጋ ነው። እርሻው ሩቅ ነው፤ በሬም ሞፈርም ለሚድህ ልጅ አይሆንም። እንዝርት ግን ትንሽ እንጨት ናት። ልጅ ሲያለቅስ ታስቀምጫታለሽ። የተፈተለው ክር እዚያው እንዝርቱ ላይ ተጠምጥሞ ይቆያል። ከአንድ ሰዓት በኋላም ሆነ ከሦስት ቀን በኋላ ብትመለሺ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። እማሆይ «እሱ አይሸሽም» ያሉት ይህንን ነው።

ሽመናውን ተመልከቱ። ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ይቀመጣል፤ ድሩ ከፊቱ ተወጥሮ ቆሟል፤ እጁም እግሩም ሥራ ላይ ናቸው። የሚድህ ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሳምንት ድካም ያበላሽበታል። ሽመና የወንድ የሆነው በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ሴቶች የሚሸምኑባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። በእኛ ደጋ ግን ሥራው የተከፈለበት መንገድ ከዚህ ጋር ይስማማል።

እናቴ አምስት ልጆች አሳድጋለች። እርሷ ስትፈትል ያየሁበትን ጊዜ ሳስታውስ፣ ለፈትል ብቻ የተቀመጠችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሊጡ እስኪቦካ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ ጎረቤት መጥታ እስክትሄድ፣ ማታም ልጆች ከተኙ በኋላ በኩራዝ ብርሃን ነበር የምትፈትለው። እኛ ሴት ልጆቿ ደግሞ ባዘቶ እያቀበልን አደግን። ባዘቶ የያዘ ልጅ ሌላ ነገር አይነካም፤ ያንን ዘዴ ዛሬ ነው የተረዳሁት።

ክር የያዘች እናት

ይህ ነገር በሥዕልም ተስሏል። በብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን የብሥራቱን ሥዕል አይታችሁ ይሆናል፤ መልአኩ ገብርኤል ሲመጣ እመቤታችን በእጇ ክር ይዛ ትታያለች። ለቤተ መቅደስ የሚሆን ወርቅና ሐር ስትፈትል ነበር የሚለው ትውፊት በአገራችን የቆየ ነው። ሠዓሊዎቻችን የታላቁን ዜና መምጣት ሲስሉ ሥራ ፈትታ የተቀመጠች ሴት አልሳሉም። ሥራዋን ያቋረጠች ሴት ሣሉ።

በጀርመን አገርም በ1400 እ.ኤ.አ. ገደማ ማስተር በርትራም የተባለ ሠዓሊ ለአንድ ገዳም ሌላ ሥዕል ሠርቷል። እዚያ ላይ እመቤታችን በአራት ረጃጅም መርፌዎች የልጅ ልብስ ትሠራለች፤ ልክ እንደ ዛሬው ሹራብ። ሕፃኑ ጌታችን አጠገቧ ነው። ሁለቱ ሠዓሊዎች በአገርም በልማድም የተራራቁ ናቸው። እናትን ግን በአንድ ዓይነት ሁኔታ አይተዋታል፦ እጇ ክር ላይ፣ ዓይኗ ከክሩ ውጭ።

ኪሮሹ ከየት መጣ?

ቃላቶቻችን ራሳቸው ታሪክ ይነግራሉ። ፈትል፣ እንዝርት፣ ባዘቶ፣ ልቃቂት፣ ድር፣ ማግ የምንላቸው የቆዩ የራሳችን ቃላት ናቸው። ሹራብ፣ ኪሮሽና ዳንቴል ግን እንግዶች ናቸው። ሹራብ ከዐረብኛ ነው፤ ግብፆች ሹራብ የሚሉት ካልሲን ነው። ነገሩም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እስከ ዛሬ ከተገኙት የሹራብ ሥራዎች እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት መካከል በግብፅ የተገኙ የጥጥ ካልሲዎች ይገኙበታል። ኪሮሽ ከፈረንሳይኛ ሲሆን ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ዳንቴልም ከዚያው ነው፤ ትርጉሙ ትንሽ ጥርስ ነው፤ ጠርዙን ያየ ለምን እንደተባለ ይገባዋል።

እነዚህ እንግዳ ሥራዎች ወደ ቤታችን ከገቡባቸው በሮች አንዱ ትምህርት ቤት ነው። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በ1931 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ሴት ልጆች ከፊደል ጋር የእጅ ሥራም ይማሩ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ትምህርት ቤት ወደ የአውራጃው ሲስፋፋ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ አብሮ መጣ። በእኔ ጊዜ መምህርታችን ኪሮሽ አምጡ ስትለን ግማሾቻችን የጃንጥላ ሽቦ ቆልምመን አመጣን። ለሹራብ ደግሞ የብስክሌት ሽቦ አሹለን ነበር የተማርነው። በዚያ ሽቦ የተሠራ ዳንቴል ስንት ሬዲዮ፣ ስንት ብፌ፣ ስንት የሙሽራ አልጋ አልብሷል!

ሌላው በር ፋብሪካ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። የፋብሪካ ክር በየገበያው ሲበዛ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካውን ክር መጠቀም አዘወተሩ፤ ጠንካራና እኩል ስለሆነ። የእጅ ፈትል ለማግ ቀረ። ጥሩ ጋቢ የሚባለው እስከ ዛሬም በእጅ ፈትል ማግ የተሠራው ነው፤ የሚሞቀውና የሚለሰልሰው እርሱ ነውና። ነገር ግን ብዙ እናቶች ከፈትል ሰዓታቸው ከፊሉ ተቃለለላቸው። ባዶ የሆነውን እጅ ኪሮሹና የሹራብ መርፌው ያዙት።

ስለዚህ ከእንዝርት ወደ ኪሮሽ የተደረገው ለውጥ የሚመስለውን ያህል ትልቅ አይደለም። መሣሪያው ተለወጠ፤ ሰዓቱ ግን ያው ነው። ዛሬም የምንሠራው ሊጥ እስኪቦካ፣ ልጅ እስኪተኛ፣ ተራ እስኪደርስ ነው።

የማይቆጠር ሰዓት

እዚህ ላይ ነው የዚህ ታሪክ መራራ ክፍል የሚጀምረው። ሥራው ተቆራርጦ ስለሚሠራ ሰዓቱን የሚቆጥርለት የለም። አንድ ጋቢ ሲሠራ የጥጡ ዋጋ ይታወቃል፤ የሸማኔው ክፍያም በስምምነት ይነገራል። ለማጉ ወራት ያመሸችው ሴት ግን ሒሳቡ ውስጥ የለችም። «በትርፍ ጊዜዋ ነው የሠራችው» ይባላል። እህቶቼ፣ ሦስት ልጅ ያላት ሴት ትርፍ ጊዜ የት ታገኛለች? ከእንቅልፏ የቀነሰችው ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በብሪታንያ ሰሜን ጫፍ ሼትላንድ የሚባሉ ቀዝቃዛ ደሴቶች አሉ። የዚያ ሴቶች በሹራብ ሥራ የታወቁ ናቸው። የማገዶ አፈር በጀርባቸው ተሸክመው እየሄዱ እንኳ እጃቸው ሹራብ ይሠራ ነበር፤ እኛ እንጨት ተሸክመን የምንወርደውን አስቡት። ሹራባቸው በሩቅ ከተሞች ይሸጥ ነበር። ነጋዴዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይከፍሏቸውም፤ በሻይና በጨርቅ ይመልሱላቸዋል። ሴትዮዋ ዱቄት ብትፈልግም የምታገኘው ነጋዴው የሰጣትን ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. መንግሥት ይህን የሚመረምር ኮሚሽን ላከ፤ ብዙ ሹራብ ሠሪዎችም ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። ምን ያህል እንደሠሩ፣ ምን እንደተሰጣቸው አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ቃላቸውም ተጽፎ ቀረ። ስለ ደብረ ታቦር ፈታዮች እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖረን ምን ያህል ባወቅን ነበር!

እኔም በዚህ ተጎድቻለሁ፤ ጥፋቱም የራሴ ነው። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ለመስከረም የሚደርስ ስድስት የልጆች ሹራብ እሠራለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አላሰብኩም፤ «ማታ ማታ እሠራዋለሁ» ብቻ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ታመመች። አራቱን አደረስኩ፤ ሁለቱን ሳልጨርስ ትምህርት ተከፈተ፤ የተቀበልኩትን ቀብድ መለስኩ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ የጨረስኳቸውን አራቱንም ቢሆን የሸጥኩት ከክሩ ዋጋ ብዙም በማይበልጥ ነበር። ሥራው ባይሸሽም ቀነ ገደቡ ይሸሻል። አያቶቻችን እንዝርትን ከልጅ ጋር ያስማሙት ቀነ ገደብ ስላልነበረበት ነው። እኛ ትእዛዝ ስንቀበል ይህን መዘንጋት የለብንም።

ከታሪኩ የወሰድኩት

ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

መጀመሪያ፣ የሚቋረጠውንና የማይቋረጠውን ሥራ ለየሁ። በኪሮሽ ስሠራ ሳቆም መንጠቆው ላይ የሚቀረው አንድ ቀለበት ክር ብቻ ነው፤ ልጅ ቢጎትተው ጥቂት ነው የሚተረተረው። ቀለበቱን ሳብ አድርጌ ካሰፋሁት ደግሞ እርሱም ይድናል። በሁለት መርፌ የሚሠራው ሹራብ ግን ብዙ ቀለበት በአንድ ጊዜ መርፌው ላይ አለው፤ አንዴ ከወለቀ ራስ ያዞራል። ስለዚህ ቀን ልጆች ባሉበት ኪሮሽ፣ ማታ ሲተኙ መርፌ።

ሁለተኛ፣ ትልቁን በትንሹ እከፍላለሁ። አልጋ ልብስ በአንድ ጊዜ አልጀምርም፤ መዳፍ የሚያህሉ ቁራጮች እየሠራሁ በመጨረሻ አጋጥማቸዋለሁ። አንድ ቁራጭ በአንድ የቡና ሰዓት ያልቃል። ኮፍያና የሕፃን ካልሲም እንደዚሁ ናቸው።

ሦስተኛ፣ እንደ እማሆይ ክዳን ያለው ሙዳይ ይዣለሁ። መርፌውም መቀሱም ከልጅ እጅ ይርቃል፤ ክሩም አይተበተብም። ለልጄ ደግሞ የራሷን ትርፍራፊ ክር ሰጥቻታለሁ። እናቴ ባዘቶ ታስይዘን እንደነበረው ማለት ነው።

አራተኛ፣ ደብተር ይዣለሁ። በተቀመጥኩ ቁጥር የጀመርኩበትንና ያቆምኩበትን ሰዓት፣ የደረስኩበትንም መስመር እጽፋለሁ። አሥር ደቂቃም ብትሆን ትጻፋለች። ሥራው ሲያልቅ እደምረዋለሁ። በመጀመሪያው ሹራብ ላይ የወጣው ድምር ባለቤቴን ጭምር አስደነገጠው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ትርፍ ጊዜ» የሚለው ቃል ከቤታችን ወጥቷል። ትእዛዝ ስቀበልም ደብተሩን አይቼ ዋጋና ቀን እናገራለሁ፤ በቀኑ ላይ ደግሞ ልጅ ይታመም ይሆናል ብዬ እጥፍ እጨምርበታለሁ። ቀኑን ሰምተው የሄዱ ደንበኞች አሉ። የቀሩት ግን አልተቀየሙኝም።

ለማኅበራችንም የማቀርበው ይህንኑ ነው። ትእዛዝ በጋራ ስንቀበል ዋጋውን በክሩ ሚዛን ብቻ አንተምን። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን የአንድ ወር የሰዓት ደብተር ይዘን እንምጣ፤ ጎን ለጎን አስቀምጠን እንደምረው። አንዷ ልጅ ሲታመምባት የሌላዋ እጅ እንዲጨርስላት ትእዛዙን በቁራጭ እንከፋፈለው። ወንፈልን ለአጨዳ የሚያውቅ አገር ለሹራብ አያንስበትም።

ያን ቀን ወንዛዬ ላይ ተራችን ሲደርስ እናትየው ዳንቴሏን አጣጥፋ ተነሣች። ስትሄድ እማሆይን «ይኼ ልቃቂት መቼ ያልቃል?» አለቻቸው። እማሆይ ወደ ሙዳዩ አይተው «የልጅ ልጄ ጋቢ ነው። ሲያገባ ይደርሳል» አሉ። ሙሽራው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ የእርሷው ልጅ እኩያ መሆኑን ነገሯት።

በስብሰባው ያገናኘን። ደብተራችሁን እንዳትረሱ።